ቤተ ክርስቲያን መኪናዬ ውስጥ ገባች

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ድምፄ ቢንቀጠቀጥ ታገሡኝ፤ እኔ ማይክ የጨበጥኩት የምሠራበት ሆቴል በር ላይ የእንግዶችን የመኪና ቁጥር ስጠራ ብቻ ነው። ዛሬ ግን መጋቢያችንን «አንድ ጊዜ ልናገር፣ ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ» ብዬ ለምኜ ነው እዚህ የቆምኩት። ጌታ ለልጄ ያደረገውን፣ ለእኔም ያደረገውን ልነግራችሁ ነው። አሜን በሉ እንጂ! እናንተ ዝም ስትሉ እኔ እፈራለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ግርማ እባላለሁ። እዚያ መዘምራኑ መሀል የተቀመጠችው የትዕግስት ባል ነኝ። ብዙዎቻችሁ ግን በስሜ አይደለም የምታውቁኝ፤ በመኪናዬ ነው። «ያ ግራጫ መኪና ውስጥ የሚቀመጠው ሰውዬ» የምትሉት፣ እሱ ነኝ! አትሳቁ፤ ልጆቻችሁ ነግረውኛል።

እሁድ እሁድ ከቤታችን ከላንድማርክ ተነስቼ፣ ቤልትዌዩን፣ ያን ቀለበት መንገድ፣ ዞሬ፣ ሚስቴንና ልጆቼን እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አመጣለሁ። በሩ ላይ አወርዳቸዋለሁ። ከዚያ ፓርኪንጉ ጥግ ዛፉ ሥር አቁሜ፣ መቀመጫዬን ወደ ኋላ አስተኝቼ፣ ሬዲዮ ከፍቼ እጠብቃለሁ። የእናንተ ነገር ደግሞ ቶሎ አያልቅም! መጋቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን እውነት ነው። መዝሙሩ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኝ ነበር። አንዳንዴ ጣቴ መሪው ላይ ይመታል። መግባት ግን አልገባም።

ለምን እንዳልገባሁ ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ አባቴ ታመመ። ቤታችን ሙሉ ሰው መጣ፤ ተጸለየ፣ ተዘመረ። አንዱ ተነስቶ «ይህ ሰው አይሞትም፣ ይድናል» አለ። ሌላውም ተከትሎ «ይድናል» አለ። አባቴ አልዳነም። ከቀብሩ በኋላ ደግሞ ከእነዚያ ሰዎች አንዳቸውም የእናቴን ደጅ አልረገጡም። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፤ በሩን እያየሁ እጠብቃቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ «ይድናል» የሚል ሰው ስሰማ ጆሮዬ ይዘጋል። ትዕግስት ይህን ስለምታውቅ አንድም ቀን ጎትታኝ አታውቅም። «እሺ፣ አንተ መኪና ውስጥ ጠብቀን» ትለኛለች። ጠበቅኋቸው። ስንት ዓመት!

እንግዲህ ወደ ልጄ ልምጣ። ናርዶስ ትንሿ ናት። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። እግሯ ላይ ሰማያዊ ሰማያዊ ምልክት ይወጣ ጀመር። እኔ «ይቺ ልጅ ስትሮጥ ትጋጫለች» እል ነበር። ቀጥሎ አፍንጫዋ ይደማ ጀመር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መድማቱ አልቆም አለ። ሆስፒታል ወሰድናት። ምርመራው ሲያልቅ ዶክተሯ አስቀምጣን «የናርዶስ መቅኔ ደም መሥራት አቁሟል» አለችን።

«ካንሰር ነው?» አልኳት።

«አይደለም። ግን ቀላል ነገር አይደለም። ከእህት ወይም ከወንድም የሚገጥማት መቅኔ ከተገኘ ስቴም ሴል ትራንስፕላንት እናደርግላታለን፤ ማለትም ከዚያ መቅኔ ወስደን ለእሷ እንሰጣታለን።»

ታላቋ ልጄ ኤደን ተመረመረች። ገጠመ! ስሙ ይባረክ! ኤደን ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። «ከዳሌሽ አጥንት ነው የሚወስዱት፤ ትፈሪያለሽ?» ስላት «ዳዲ፣ ኢትስ ፋይን። ግን ከአሁን በኋላ ሳታንኳኳ ሩሜ አትገባም» አለችኝ። ተስማማን።

እኔ ትራንስፕላንት ሲባል ትልቅ ኦፕሬሽን ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እንደ ደም በከረጢት ተንጠልጥሎ፣ ደረቷ ላይ ባስገቡላት ቀጭን ቱቦ ይፈስሳል፣ አለቀ። ከባዱ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ነው። መጀመሪያ የድሮውን መቅኔ በመድኃኒት ያጠፉታል። ከዚያ አዲሱ እስኪበቅል ድረስ ልጅቷ ባዶ ናት። ዶክተሯ እንዲህ አለችን፦ «አሁን ናርዶስ ምንም መከላከያ የላትም። እኛን የማይነካን ጀርም እሷን ይጥላታል። ጠያቂ አይገባም። አባትና እናት ብቻ፣ እናንተም ተራ በተራ። የቤት ምግብ አይገባም። እጁን ሳይታጠብ ማንም ይህን በር አያልፍም።»

ወገኖቼ፣ ይህን ለሀበሻ ንገሩ እስቲ! እኛ ዘንድ ታሞ ያልተጠየቀ ሰው ዘመድ የለውም ማለት ነው። ትዕግስት «አትምጡብኝ» ብላ ልትነግራችሁ አፏን እንዴት ትክፈት? አልነገረቻችሁም። እናንተም መጣችሁ።

እሁድ ፕሮግራም እንዳለቀ ነው የመጣችሁት። መዘምራኑ ዩኒፎርማቸውን እንኳ አላወለቁም። ሎቢው ሞላ። ጥበቃው ግራ ገብቶት እኔን ያያል። አንዷ ትሪ ሙሉ ምግብ ይዛለች፣ አንዱ ዘይት ይዞ «ግንባሯን ብቻ ልቀባት» ይላል። አንድ ወንድም ደግሞ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ «ጉንፋን ይዞኛል፣ ግን እንዴት ልቅር ብዬ ነው» አለኝ። ስሙን አልጠራም። እየሳቀ ስለሆነ ራሱን አውቋል።

እኔ ኤሌቬተሩ ፊት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ሆቴል በር ላይ መኪና የማስቆመውን ያህል ነው የጮህኩት። «ልጄን ልትገድሏት ነው የመጣችሁት? አንድም ሰው አይወጣም!»

ባለ ትሪዋ ወደ ኋላ አፈገፈገች። በልቤ «በቃ፣ ተቀየሙን። ትዕግስት ከዛሬ ጀምሮ ሰው የላትም» አልኩ። እነዚያ የአባቴ ጠያቂዎች ትዝ አሉኝ። ይኸው እነዚህም ሊጠፉ ነው አልኩ።

ከመሀል እትዬ አልማዝ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ወጡ። የጸሎት ቡድኑ እናት ናቸው፣ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ሊቆጡኝ ነው ስል፣ ወደ እናንተ ዞሩና «ልጁ ልክ ነው። በሉ፣ ሁላችሁም ተመለሱ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ወደ ላይ አይወጣም» አሉ። እኔንም አዩኝና «አንተስ ልጄ፣ ትዕግስት ከላይ ከልጅቷ ጋር ስትሆን የት ነው የምትውለው?» አሉኝ።

«መኪና ውስጥ» አልኩ።

«ምን ጥያቄ ነው እኔም! የት አቁመህ?»

«የሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ጋራዥ፣ ሦስተኛ ፎቅ።»

«እሺ» ብለው ሄዱ። እኔም ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰለኝ።

በማግስቱ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ መስኮቱ ተንኳኳ። እትዬ አልማዝ! አንዷ እህት በመኪና አድርሳቸው ነው። ጋቢናውን ከፍተው ገቡ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቆሙ፣ በፌስታል የያዙትን ምግብ ጭኔ ላይ አስቀመጡ። «ናርዶስን መጠየቅ ተከልክሏል» አሉኝ። «አንተን መጠየቅ ግን አልተከለከለም አይደል?»

ሳቅሁ። ልጄ ሆስፒታል ከተኛች ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሃሌሉያ! ወገኖቼ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን አልገባም ብዬ መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ቤተ ክርስቲያን ተነስታ መኪናዬ ውስጥ ገባች! ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ ገባችሁ። ጋቢናዬ ላይ ያልተቀመጠ ማን አለ? ያ ባለ ጉንፋኑ ወንድም ሲሻለው መጣ። አንዱ ታክሲ ነጂ ወንድም ደግሞ ስለ ጌታ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ስለ ኳስ ብቻ ስንከራከር ዋልን፤ ሲወርድ ትከሻዬን ይዞ «አይዞህ» ብሎኝ ሄደ። የመኪናዬ ሽታ እስከ ዛሬ ሽሮ ሽሮ ይላል፤ ሆቴሉ ላይ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሬስቶራንት የከፈትኩ መስሏቸዋል።

ታዲያ ነገሩ ደህና እየሄደ ነው ስንል ናርዶስ ትኩሳት ያዛት። ደም ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዶክተር ወንበር ሲስብ ልባችሁ ይወርዳል።

«ደሟ ውስጥ ባክቴሪያ ተገኝቷል» አለች። «የገባው በደረቷ ቱቦ በኩል ነው። ከቤት ያመጣችሁት አይደለም። እዚሁ ያገኛት ነው።»

ደሜ ፈላ። «እዚሁ? እኔ ጠያቂ በሙሉ ከልክዬ፣ ሰው አስቀይሜ፣ እጄ እስኪላጥ ታጥቤ፣ እናንተ ናችሁ የሰጣችኋት?»

ዶክተሯ አልሸሸችም፣ አልዋሸችም። «በጓንት፣ በማስክ፣ በሙሉ ጥንቃቄ ነው ቱቦውን የምንነካው። እንዲያም ሆኖ አንዳንዴ ያመልጠናል። በጣም አዝናለሁ» አለች። «ጠንካራ አንቲባዮቲክ ጀምረናል። ትኩሳቱ ካልወረደ ቱቦውን እናወጣዋለን። እንደ እሷ መከላከያ ለሌለው ልጅ ይህ አደገኛ ነው፤ ልደብቃችሁ አልችልም።»

ተራው የትዕግስት ነበርና ወረድኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መሪውን በቡጢ መታሁት። ልጄን ትዳን ብዬ ያስገባሁበት ቤት ሊገድላት! ብቻዬን ስንጨረጨር እትዬ አልማዝ መጡና ጋቢናው ላይ ተቀመጡ። የሆነውን ነገርኳቸው። ከዚያ እንዲህ አልኳቸው፦ «እትዬ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ‹ትድናለች› እንዳይሉኝ። ካሉኝ አሁኑኑ ይውረዱ።»

እሳቸውም «አልልህም። አላውቅማ!» አሉኝ።

ዞር ብዬ አየኋቸው።

«እኔ ሴት ልጅ ቀብሬአለሁ፣ ግርማ። ስጸልይ ነበር። ቤት ሙሉ ሰው ሲጸልይላት ነበር። ጌታ ለምን እንደወሰዳት እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ ስንገናኝ እጠይቀዋለሁ። ግን ከመቃብሯ ስመለስ ብቻዬን አልነበርኩም። እሱ አብሮኝ ተመለሰ። የማውቀው ይህንን ነው፤ የማላውቀውን አልነግርህም።»

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከአማኝ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት የተዘጋው ጆሮዬ ያኔ ተከፈተ። እንባዬ መጣ። እሳቸውም እጄን ያዙኝ።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። ትዕግስት ናት። «ግርማ፣ ቶሎ ና! ፕሬዠሯ ወርዷል፣ አይሲዩ ሊወስዷት ነው! ለሁለታችንም ፈቅደዋል፣ ና!»

ቁልፉ እንደተሰካ፣ ኮቴን እንደጣልኩ፣ በሩን እንኳ ሳልዘጋ ሮጥኩ። ከኋላዬ «ሂድ፣ እኔ እዚሁ ነኝ!» ሲሉ ይሰማኛል።

ላይ ደርሼ በሩን ልገፋ ስል ነርሷ ፊቴ ቆመች። «ሰር፣ እጅዎን ይታጠቡ።»

«ልጄ እየሞተች ነው!»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ለዚህ እኮ ነው።»

ወደ መታጠቢያው ዞርኩ። ውሃውን ከፈትኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሳሙናውን መያዝ አቃተኝ። እየታጠብኩ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ጸለይኩ። ቆንጆ ጸሎት አይደለም፤ እንዳለ ልንገራችሁ። «ጌታ ሆይ፣ አታውቀኝ ይሆናል። ውጭ መኪና ውስጥ የምቀመጠው ሰውዬ ነኝ። በአባቴ ተቀይሜሃለሁ። ልጄን ማርልኝ። ማርልኝ! ከወሰድካት ግን… ብቻዬን እንዳትተወኝ።»

ብርሃን አላየሁም። ድምፅ አልሰማሁም። ግን እጄ መንቀጥቀጡን አቆመ። ያወቀኝ መሰለኝ። አይ፣ መሰለኝ አልልም፤ አወቀኝ! ክብር ለእሱ ይሁን! ለካስ ውጭ የቀረሁት እኔ ነኝ እንጂ እሱ ውጭ ትቶኝ አያውቅም።

ገባሁ። ናርዶስ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ሰው ከቧታል። አይሲዩ፣ ጽኑ ሕሙማኑ ክፍል፣ ወስደው ቱቦውን አወጡት፤ ሌላ መድኃኒት ጨመሩ። ዶክተሯ «የምንችለውን አድርገናል፣ ነገ እናያለን» አለች። ትዕግስት «አንተ ትንሽ ውረድ፣ እኔ አለሁ» አለችኝ።

ጋራዡ ስደርስ እትዬ አልማዝ እዚያው ናቸው። ኮቴን ለብሰው፣ ከዘራቸውን እንደ መሣሪያ ይዘው ጋቢናው ላይ ተቀምጠዋል። ሰው መጥቶ «ላድርስዎት» ቢላቸው እምቢ ብለዋል።

«እትዬ! እስካሁን?»

«ቁልፉን ጥለህ ሮጥክ። መኪናህን ቢወስዱትስ?» አሉኝ። «መንዳት ባልችል መጮህ እችላለሁ።»

ያኔ ልቤ ተሸነፈ። የአባቴ ጠያቂዎች ሄዱ፤ እኚህ ሴትዮ ግን አልሄዱም። «እትዬ፣ እንዴት ነው የሚገባው?» አልኳቸው።

«የት ነው የሚገባው?»

«እናንተ ያላችሁበት። ጌታ ዘንድ።»

እዚያው ጋራዥ ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ ጌታን ተቀበልኩ። አስተውሉልኝ፣ ልጄ ገና አልዳነችም! ትዳን ትሙት አላውቅም። ስለዳነችልኝ አይደለም ያመንኩት፤ ብቻዬን ስላልተወኝ ነው።

ከዚያ «ነገ እናያለን» በላይ በላዩ ሆነ። ትኩሳቱ ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። እናንተ ከታች በተራችሁ ትጸልያላችሁ። አንድ ጠዋት ዶክተሯ ገባች፤ ወንበር አልሳበችም! ቆማ «የደሟ ምርመራ ንጹህ ነው፤ ምንም ባክቴሪያ አልበቀለበትም» አለችን። ሃሌሉያ! ስሙ ይባረክ! ቀናት አልፈው ደግሞ እየሳቀች መጣች። «ነጭ የደም ሴል ታይቷል። የኤደን ነው። አዲሱ መቅኔ ሥራ ጀምሯል» አለች።

ወደ ጋራዡ በረርኩ። የዚያን ቀን ተረኛው ባለ ጉንፋኑ ወንድም ነበር። ላቅፈው ስል ወደ ኋላ ብሎ «ቆይ፣ እጅህን ታጥበሃል?» አይለኝም!

አንዳንዱ «ያዳናት ሐኪም ነው» ይለኛል። አዎ፣ ሐኪም ነው! አንቲባዮቲኩ ነው፣ በር ላይ ያስቆመችኝ ነርስ ናት። እኔም ስለእነሱ ጌታን አመሰግናለሁ፤ መድኃኒቷንም አንድም ቀን አላስተጓጎልንም። በዚያ ፎቅ ላይ ልጃቸውን ይዘው ያልወጡ ወላጆችም አሉ። ለምን የእኔ ወጣች? አላውቅም። እትዬ አልማዝ እንዳሉት ስንገናኝ እጠይቀዋለሁ። ስለእነዚያ ወላጆች ግን ሳልጸልይ አልተኛም።

ናርዶስ ይኸውላችሁ፣ እናቷ አጠገብ ናት። ቁሚ ሚሚዬ፣ ይዩሽ! ፀጉሯ ተጠቅልሎ በቀለ። የድሮው ክትባት ከድሮው መቅኔ ጋር ስለጠፋ፣ እንደ ጨቅላ ሕፃን ከመጀመሪያው ጀምራለች። ኤደን «ደምሽ የኔ ነው፤ ሶ ዱ ማይ ዲሽስ» እያለች ዕቃ ታሳጥባታለች። እዚህ በር ላይ የተቀመጠው የእጅ ማጽጃም የማን ትእዛዝ እንደሆነ ታውቃላችሁ። መጋቢያችን እንኳ ሳያሹ አልፈው በናርዶስ «ፓስተር፣ ሃንድስ!» ተብለው ተመልሰዋል።

አሁን አንድ ነገር ብዬ ልውረድ። እኔ የመኪና ሰው ነኝ፤ ስገባ ፓርኪንጉን ሳላይ አልገባም። ዛሬም እዚያ ዛፉ ሥር ሞተራቸውን አስነስተው ሚስቶቻቸውን የሚጠብቁ አሉ። ወንድሞቼ ናቸው። ዘፈኑን ከፍ አድርገው የኛን መዝሙር ያልሰሙ ይመስላሉ፤ እኔ ግን መሪው ላይ የሚመታውን ጣታቸውን አውቃለሁ። አንዱ በአባቱ፣ አንዱ በሌላ ነገር ተቀይሞ ይሆናል። አትጎትቷቸው። «ለምን አትገቡም» አትበሏቸው።

መጋቢን አስፈቅጃለሁ፤ ከዚህ መድረክ ስወርድ ወንበሬ ላይ አልቀመጥም፣ ወደ ውጭ ነው የምሄደው። ትዕግስት ምግብ ቋጥራልኛለች። እናንተ ውጭ ያላችሁ፣ በግድግዳው በኩል እንደምትሰሙኝ አውቃለሁ፤ እኔም እሰማ ነበር። መጥቼ መስኮታችሁን አንኳኳለሁ። ኳስም ከሆነ ኳስ እናወራለን። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተና እሱ ትነጋገራላችሁ፤ እሱን እመኑት፣ እኔን አልተወኝም። ለእኔ የጋቢናውን በር ብቻ ክፈቱልኝ።